የቤት ኮምፒውተር መጠባበቂያ በላስታ ደጋ፦ ከሣጥኑ በፊት መብራቱ

ላሊበላ ውስጥ ብዙ ሰው እንጀራው ያለው ኮምፒውተር ላይ ነው። አስጎብኚው ለዓመታት ያነሣቸው ፎቶዎችና የእንግዶቹ አድራሻ ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ትንሹ ሆቴል የፒችትሪ ሒሳቡን፣ የእንግዳ መዝገቡንና የፓስፖርት ቅጂዎቹን በአንድ ዴስክቶፕ ይዟል። ፎቶ ቤቱ የሰው ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት በዲስክ አከማችቷል፤ ባለጉዳዮቹም ከዓመታት በኋላ "ያ ቪዲዮ አሁንም አለ?" ብለው ይመጣሉ። መምህሩ የፈተና ጥያቄ፣ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ አለው። የዚህ ሁሉ መጠባበቂያ ብዙውን ጊዜ ከቁልፍ ጋር የሚንጠለጠል ፍላሽ ነው፤ እሱም ኮምፒውተር ቤት ገብቶ በወጣ ቁጥር ቫይረስ ይዞ ይመለሳል።

ለዚህ ችግር በገበያ የሚቀርበው መፍትሔ የኔትወርክ ማከማቻ ነው። አንድ፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስክ የሚይዝ፣ ከራውተሩ ጋር በኬብል የሚገናኝ ትንሽ ሣጥን ሲሆን፣ የቤቱ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ማንም ሳያስታውሳቸው በየሰዓታቸው ፋይላቸውን ይገለብጡበታል። ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው፤ ሰው የሚረሳውን ሥራ ሣጥኑ አይረሳም። ነገር ግን ስለ ምርጫው የሚሰጠው ምክር አብዛኛው መብራት የማይጠፋበትንና ኢንተርኔት የማይቋረጥበትን ቤት አስቦ የተዘጋጀ ነው። ላስታ ላይ የጥያቄው ቅደም ተከተል ይለወጣል። መጀመሪያ ሁለተኛው ቅጂ የት እንደሚቀመጥ ይወሰናል፣ ቀጥሎ መብራቱ ይታሰባል፣ የሣጥኑ ዓይነት ሦስተኛ ሆኖ ይመጣል። ገንዘብ የሚባክነው ከሦስተኛው ሲጀመር ነው።

ቅጂን ከምንጩ አርቆ የማስቀመጥ ነገር ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ከየገዳሙና ከየደብሩ 9,000 ያህል መጻሕፍትን በፊልም አስቀርቷል፤ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ያሉ መጻሕፍትም ከተነሡት ውስጥ ይገኛሉ። የፊልሙ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እዚያም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርት ዓመታት የመጻሕፍቱን ካታሎግ ሲያዘጋጁ ኖሩ። ሥራው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ተለወጠ፤ ወሎ ላይ ረሃብና ጦርነት ተፈራረቁ። የውጭው ቅጂ ግን ቆየ፤ ዛሬ ወደ ዲጂታል ተለውጦ ተመራማሪዎች ያነቡታል። መሣሪያው ካሜራና ጥቅል ፊልም ብቻ ነበር፤ ውሳኔው ግን ለዛሬው ቤትም የሚያገለግል ነው።

የቅርቡ ታሪክ ደግሞ የበለጠ ይናገራል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ መብራቱም ስልኩም ጠፋ፤ ከተማዋም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትተላለፍ ቆየች። በዚያው ጊዜ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ላይ የደረሰው ዘረፋና ውድመት በአገሩ ሁሉ የተሰማ ነው። ኮምፒውተር ሲዘረፍ አጠገቡ ያለው ዲስክም አብሮ ይዘረፋል፤ ዘራፊ የቱ ዋናው፣ የቱ ቅጂው እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ማከማቻ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ከዲስክ ብልሽት እንጂ ከስርቆት፣ ከእሳትና ከጦርነት አያድንም።

"ታዲያ ክላውድ ላይ ይቀመጥ" የሚል ይኖራል። ሌላ አገር ቢሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በብዙ ቦታዎችም ለወራት ሳይመለስ ቆየ። ባክአፑ ክላውድ ላይ ብቻ የነበረ ሰው በእነዚያ ወራት አዲስ ፋይል መላክም የድሮውን ማውረድም አልቻለም። መስመሩ ሲኖርም ሒሳቡ አይመችም። 500 ጊጋባይት የፎቶና የቪዲዮ ክምችት በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ለመጫን፣ መስመሩ አንዴም ሳይቆረጥ፣ 11 ቀን ተኩል ያህል ይፈጃል። ያው 500 ጊጋባይት በቤት ውስጥ በጊጋቢት ኬብል ወደ ማከማቻው ለመግባት ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። በዋይፋይ ከሆነ ይዘገያል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ትልቅ ቅጂ በኬብል ይሠራ። ክላውድ ለትንሽና ለውድ ነገር ይጠቅማል፦ ለሒሳብ ፋይል፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለስልክ አድራሻዎች። ለሠርግ ቪዲዮ አይሆንም። በገና ሰሞን በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል፤ ሌሊቱን ቤተ ማርያም ቆሞ ማኅሌቱን፣ ጠዋት ደግሞ ቤዛ ኩሉን የቀረጸ ሰው ስንት ሰዓት ቪዲዮ ይዞ እንደሚገባ መገመት ቀላል ነው።

አሜሪካዊው ፎቶግራፈር ፒተር ክሮህ ያስፋፋው፣ ዛሬ በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ መመሪያ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ላሊበላ ላይ "ከቤት ውጭ" የሚለው ትርጉም ያለው ከከተማም ውጭ ሲሆን ነው። ወልድያ፣ ደሴ፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ቤት የሚቀመጥ ተንቀሳቃሽ ዲስክ እውነተኛው ሦስተኛ ቅጂ ነው። ዲስኩ በሰው እጅ ይሄዳል፤ ጠፍቶና ሥራ አቁሞ እስከተጓዘ ድረስ የመንገዱን መንገጫገጭ ይችላል። ከገና በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከፋሲካ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሲገባ አንድ ጊዜ ዲስክ መለዋወጥ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል።

ቀጥሎ መብራት። ኤሌክትሪክ በድንገት መጥፋቱ ራሱ አንድ ጉዳት ነው፤ ማከማቻው እየጻፈ ባለበት ቅጽበት ከሆነ የፋይሉ ማውጫ ይበላሻል፣ አንዳንዴም አንድ ፋይል ሳይሆን ሙሉው ክምችት አልከፈት ይላል። የባሰው ጉዳት ግን ሲመለስ ነው። መብራት ሲመጣ ኃይሉ ለጥቂት ጊዜ ከ220 ቮልት ወዲያና ወዲህ ይዋልላል፤ አዳፕተርና ቦርድ የሚቃጠለውም ያኔ ነው። ተራ ዲቫይደር ከዚህ አያድንም። መብራት ሲጠፋ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ የግድ ያስፈልጋል፤ ቮልቴጁ በጣም በሚዋዥቅበት ሰፈር ደግሞ ከዩፒኤሱ በፊት ስታብላይዘር ይግባ።

ዩፒኤስ ሲገዛ ብዙ ሰው የሚያየው መጠኑን ነው። እኔ መጀመሪያ የምመለከተው ከጀርባው የዩኤስቢ ዳታ መውጫ እንዳለው ነው። ማከማቻው በዚያ ገመድ ከዩፒኤሱ ጋር ሲገናኝ መብራት እንደጠፋ ያውቃል፤ ባትሪው ሳያልቅም ፋይሎቹን ዘግቶ በሥርዓት ይጠፋል። ገመዱ ከሌለ ዩፒኤሱ ድንገተኛውን መጥፋት በጥቂት ደቂቃ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ሌሊት ከሆነ ደግሞ ማንም አያጠፋለትም። የሣጥኖቹ አምራቾች ሲኖሎጂም ኪውናፕም ይህን ግንኙነት ይደግፋሉ፤ በራስ እጅ በሊኑክስ ለሚገጥምም ነጻ ሶፍትዌር አለ። የዩፒኤስ ባትሪ በጥሩ ሁኔታ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል፤ መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ቦታ ከዚያ ቀድሞ ይደክማል። ስለዚህ ባትሪው በገበያ ተፈልጎ የሚገኝ መደበኛ ባለ 12 ቮልት ቢሆን ይሻላል።

ሶላር ላለው ቤት መልካም ዜና አለ። ሁለት ዲስክ የሚይዙ ትንንሽ ማከማቻዎች ሲሠሩ የሚፈጁት ከ15 እስከ 20 ዋት ነው፤ አብዛኞቹም የሚሠሩት በ12 ቮልት አዳፕተር ነው። ቀኑን ሙሉ ቢበራ 480 ዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ 100 አምፔር ሰዓት ካለው ባለ 12 ቮልት የሶላር ባትሪ ውስጥ ሳይጎዳ ሊወጣ ከሚችለው ጉልበት አብዛኛውን ማለት ነው። ግን ቀኑን ሙሉ መብራት የለበትም። ሣጥኑ ማታ ሁለት ሰዓት ብቻ ተነሥቶ የዕለቱን ለውጥ ገልብጦ እንዲጠፋ ቢታዘዝ 40 ዋት ሰዓት ይበቃዋል፤ ይህን ማንኛውም የቤት ሶላር ይችለዋል። ከባትሪው በቀጥታ ማገናኘት ግን አይገባም። ባትሪ ሲሞላ ከ14 ቮልት በላይ ይወጣልና በመካከሉ 12 ቮልትን አጽንቶ የሚሰጥ መቀየሪያ ይደረግ።

አሁን ከሌላው አገር ምክር ውስጥ ፈጽሞ የማይነሣውን ላንሣ፤ ከፍታውን። ተራው ሃርድ ዲስክ ውስጡ አየር አለው። የሚያነብና የሚጽፈው ጥቃቅን ክፍል በሚሽከረከረው ሳህን ላይ የሚንሳፈፈው በዚያ አየር ተደግፎ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይቀርባል፣ ከነካው ደግሞ ዲስኩ አለቀለት። ለዚህም ነው የሲጌት አይረንዎልፍም ሆነ የዌስተርን ዲጂታል ሬድ መግለጫዎች ዲስኩ እየሠራ ሊኖርበት የሚችለውን ከፍታ 3,050 ሜትር ገደማ ላይ የሚገድቡት። ላሊበላ ከተማ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ወሰኑ ውስጥ ናት። ከከተማዋ በላይ ያለው ደጋ ግን አይደለም። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ በዚያ አቅጣጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላና የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ሰፈሮች አሉ። እዚያ ኮምፒውተር የሚያስቀምጥ ሰው ተራ ሃርድ ዲስክ አይግዛ፤ የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ኤስኤስዲ ይግዛ። በጊጋባይት ዋጋው ይበልጣል፤ ግን ከፍታ አያሳስበውም፣ ኃይልም ይቆጥባል። ትልልቆቹ በሂሊየም የተሞሉ ዲስኮች የታሸጉ በመሆናቸው የውጭው አየር መሳሳት እንደ ተራው አይነካቸውም፤ ነገር ግን የእነሱም መግለጫ ላይ የከፍታ ወሰን ይጻፋልና ሳያነብቡ መግዛት አይገባም። የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙም ያነሰ ነው። የላስታ ብርድ ይህን ያካክሰዋል፤ ሣጥኑን በጨርቅ መሸፈን ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ መዝጋት ግን ብርዱ የሰጠውን ይነሣል። በበጋ ወራት አቧራው ፋኑን ስለሚደፍን በየጊዜው መጥረግ ያስፈልጋል።

ወደ ሣጥኖቹ ስንመጣ ምርጫው ከሚመስለው ያነሰ ነው። የራውተሩ ዩኤስቢ ላይ ዲስክ መሰካት ርካሽ ነው፤ ግን ፍጥነቱ ደካማ ነው፣ መብራት ሲጠፋም በሥርዓት የሚዘጋው የለም። ያረጀ ዴስክቶፕ ላይ ትሩናስ ወይም ኦፕንሚዲያቮልት ጭኖ መጠቀም ዕውቀቱ ላለው ጥሩ ነው፤ ሶፍትዌሩም ነጻ ነው፤ የሚበላው መብራት ግን ከትንሹ ሣጥን ብዙ እጥፍ ስለሆነ በሶላርና በዩፒኤስ ላይ ይከብዳል። ራስበሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ኃይል ይቆጥባል፤ የሚገጥመው ሰው ከተማውን ለቆ ሲሄድ ግን የሚጠግነው አይገኝም። ለሆቴል፣ ለፎቶ ቤትና ለመኖሪያ ቤት የምመርጠው ከሲኖሎጂ ወይም ከኪውናፕ ሁለት ዲስክ የሚይዘውን ዝቅተኛ ሞዴል ነው። ሲኖሎጂ ላይ የተወሰነ ሰው ዲኤስ223ን ከርካሹ ዲኤስ223ጄ ያስቀድም። የመጀመሪያው ቢቲአርኤፍኤስ የተባለውን የፋይል አደረጃጀት ስለሚደግፍ የክምችቱን የትናንትና፣ የዛሬ ሳምንት፣ የዛሬ ወር መልክ ይይዛል፤ ሁለተኛው ይህ የለውም። ፍላሽ እንደ ልብ በሚዘዋወርበት ከተማ ቫይረስ ፋይሎቹን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ ወደ ትናንት መመለስ መቻል ከልዩነቱ ዋጋ በላይ ነው።

ሁለት ዲስክ ሲባል ሻጩ ወዲያው የሚመክረው ሬይድ 1 ነው፤ ሁለቱም ዲስኮች በእኩል አንድ ዓይነት ነገር ይጽፋሉ፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ይቀጥላል። ሁለት ዲስክ ብቻ መግዛት የሚችል የላሊበላ ሰው ይህን ባያደርግ ይሻላል እላለሁ። ሬይድ ሥራ እንዳይቋረጥ ይጠብቃል፤ ፋይሉን በስህተት የሰረዘ ሰው ግን ከሁለቱም ዲስክ ይሰርዘዋል፣ ሌባ ሁለቱንም ይወስዳል፣ መብረቅ ሁለቱንም ይመታል። እነዚያው ሁለት ዲስኮች ተለያይተው አንዱ ሣጥኑ ውስጥ፣ አንዱ ወልድያ ቢቀመጡ ከብዙ አደጋ ያድናሉ። በሌላ በኩል፣ ዲስክ የሞተበት ሆቴል አዲስ ዲስክ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቀናት መጠበቁ እውነት ነው፤ በሬይድ በኩል ያለው ትልቁ መከራከሪያም ይኸው ነው። ሦስተኛ ዲስክ የሚገዛ ገንዘብ ካለ ሁለቱን በሬይድ አድርጎ ሦስተኛውን ከከተማ ማስወጣት ነው። ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በማዕከሎቹ ከሚሠሩት ብዙ ሺህ ዲስኮች በ2023 እ.ኤ.አ. የሞቱት 1.4 በመቶ ያህል እንደነበሩ አስታውቋል። ይህ ግን የተረጋጋ መብራትና የተመጠነ ሙቀት ባለበት ማዕከል ነው።

ዲስኩ ራሱ ከሣጥኑ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ስለተወደደ ሰው ያገለገለ ዲስክ ይፈልጋል፤ ማታለልም አብሮ ይመጣል። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ ለብዙ ሺህ ሰዓት የሠሩ የሲጌት ዲስኮች የሥራ ሰዓታቸው ተሰርዞ አዲስ ተብለው መሸጣቸው ተጋልጧል። ለሻጩ ሳይከፍሉ ዲስኩን ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ የሠራባቸውን ሰዓታት የሚያሳየውን ንባብ ማየት፣ ፍላሽና ኤስኤስዲ ከሆነ ደግሞ የተጻፈበትን መጠን በእውነት እንደሚይዝ በነጻ መፈተሻ ማረጋገጥ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ዌስተርን ዲጂታል አንዳንድ የሬድ ዲስኮቹ ለሬይድ የማይመች ኤስኤምአር የተባለ አጻጻፍ እንደሚጠቀሙ አምኗል፤ ሲገዛ ሲኤምአር የሚለውን መምረጥ ነው። ሲኖሎጂም በ2025 እ.ኤ.አ. በፕላስ ሞዴሎቹ ላይ የሌላ ኩባንያ ዲስኮችን ገድቦ ተቃውሞ ሲበዛበት በዚያው ዓመት እገዳውን አላልቷል። ዲስክ በዘመድ ሻንጣ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ለሚመጣለት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የመጣው ዲስክ ከሣጥኑ ጋር እንደሚግባባ ከላኪው ጋር አስቀድሞ ይጣራ።

ሣጥኑን ከውጭ በኢንተርኔት መክፈት የሚቻል መሆኑ በማስታወቂያው ላይ ጎልቶ ይጻፋል። አይከፈት። በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማሻሻያ ያልደረሳቸው የዌስተርን ዲጂታል ማይ ቡክ ላይቭ ማከማቻዎች ከሩቅ በተላከ ትእዛዝ ባዶ ሆኑ፤ የቤተሰብ ፎቶ የነበራቸው ሰዎች በአንድ ሌሊት አጡ። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዴድቦልት የተባለው ቫይረስ ለኢንተርኔት ክፍት የነበሩ የኪውናፕ ሣጥኖችን ቆለፈ። በቤት ውስጥ ብቻ የሚሠራ ማከማቻ ከዚህ ሁሉ ይድናል። ማሻሻያውን ግን መስመር በተገኘ ጊዜ መጫን ነው።

ወደ ሌላ ከተማ የሚሄደው ዲስክ በይለፍ ቃል መቆለፍ አለበት። ሆቴሎች የእንግዳ ፓስፖርት ቅጂ ይይዛሉ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህን በጥንቃቄ መያዝ የሕግ ግዴታም ነው። የተቆለፈ ዲስክ የይለፍ ቃሉ ሲጠፋ ለባለቤቱም አይከፈትም። ስለዚህ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ዲስኩ ከሚቀመጥበት ሰው ውጭ ለሆነ ታማኝ ዘመድ ይሰጥ፤ ፎቶ ቤቱን የሚያንቀሳቅሰው ወንድም ቢታመም ወይም ቢርቅ እኅቱ ክምችቱን መክፈት እንድትችል።

ይህን ሁሉ የማይችል ቤትም አለ። ለእሱ ሣጥኑ ይቅር፤ ሁለት ተንቀሳቃሽ ዲስኮች ይግዛ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የፋይል ታሪክ ወይም ማክ ላይ ያለውን ታይም ማሽን አስነሥቶ አንዱን ላፕቶፑ ጋር ይሰካ፣ ሌላውን ወደ ዘመድ ይላክ፣ በየጥቂት ወሩ ይለዋውጣቸው። እንግዳ በሚቀንስበት በክረምቱ አንድ ከሰዓት ወስዶ ከተመለሰው ዲስክ አንድ የሒሳብ ፋይል፣ አንድ የድሮ ፎቶና አንድ ረጅም ቪዲዮ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ገልብጦ እስከ መጨረሻው መከፈታቸውን ይይ። ቪዲዮው መሃል ላይ ከቆመ ዲስኩን መቀየር የሚያስፈልገው የገና በዓል ሳይመጣ፣ ዋናው ፋይል ላፕቶፑ ላይ ገና ደህና ሳለ ነው።